ፒንግ አይ-2 አይረን እጄ ገባ፤ ጥቁሯ ነጥብ ምንድናት? የፒንግን ታሪክ የምታውቁ እስቲ ብቅ በሉ

ጀማሪው · ማክሰኞ ማታ 2:15

ሰላም ጎልፈኞች። ጎልፍ ከጀመርኩ ገና ስምንት ወሬ ነው፤ ጥያቄዬ ሞኝ ቢመስላችሁ ታገሱኝ።

አንድ ዘመዴ ዕቃ ቤቱን ሲያጸዳ ያረጀ የፒንግ አይ-2 ስብስብ (ፒንግ የጎልፍ ዱላ ኩባንያው፣ አይ-2 ሞዴሉ) አገኘና "እኔ አልጫወትበትም፣ ውሰደው" አለኝ። አይረን (ራሱ ብረት የሆነ ዱላ) ከ3 እስከ 9፣ ኳስ ከፍ አድርገው የሚያነሱት ፒቺንግ ዌጅና ሳንድ ዌጅ። በድምሩ ዘጠኝ ዱላ። መልኩ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ያስጠላል። ጀርባው ተቦርቡሯል፣ አንገቱ ወፍራም ነው፣ ብረቱ ደብዛዛ ግራጫ ነው። የቧንቧ ሠራተኛ መፍቻ ነው የሚመስለው።

ግን ትናንት በ7ቱ ሃያ ኳስ መታሁ። መሃሉን ስቼ ከጫፍ የመታኋቸው እንኳን አየር ላይ ወጡ። ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ እንጂ ርቀታቸው ብዙም አልጎደለም። በሌላው ዱላዬ እንደዚያ ስመታ እጄን ነዝሮኝ ኳሱ እግሬ ሥር ነው የሚወድቀው።

ሦስት ነገር ልጠይቅ፦

ስምንቱ ዱላዎች ጀርባቸው ላይ ጥቁር ነጥብ አላቸው። 9ኙ ብቻ ሰማያዊ ነው። ምን ማለት ነው? አንገታቸው ላይ የተቀረጸው ቁጥርስ? ሌላው ደግሞ አንድ ሰው "ይሄማ በፍርድ ቤት የታገደ ዱላ ነው" ብሎ አስደነገጠኝ። እውነት ነው?

---

ኔትወርኩ · ማክሰኞ ማታ 2:31

እኔ ርዕሱን ሳይ የኢንተርኔት መስመር ተቋርጦበት መስሎኝ ነው የገባሁት 😂 ለመሆኑ ስሙ ከኮምፒውተሩ ፒንግ (ኔትወርክ መፈተሻው ትዕዛዝ) ጋር ዝምድና አለው?

---

አሮጌው ካዲ · ማክሰኞ ማታ 3:04

ጀማሪው ልጄ፣ ከሁሉ በፊት ያንን ስብስብ ለማንም እንዳትሰጥ። ነጥቧን እመለስባታለሁ። ታሪኩን ከሥሩ ካልያዝከው ነጥቧም አትገባህም።

ኔትወርኩ፣ የኮምፒውተሩ ፒንግ በ1983 ነው የተጻፈው። የጎልፉ በ24 ዓመት ይቀድመዋል። ሁለቱም ግን ስማቸውን ያገኙት ከድምፅ ነው። ያኛው ከባሕር ሰርጓጅ ሶናር፣ ይሄኛው ከፑተር፣ ኳሱን ወደ ጉድጓድ ከምናንከባልልበት ዱላ።

ሰውየው ካርስተን ሶልሃይም ይባላል። በ1911 ኖርዌይ፣ በርገን ተወለደ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ አሜሪካ ሄዶ ሲያትል ከተመ። አባቱ ጫማ ሠሪ ነበር፤ ልጁም እዚያው ሙያ ውስጥ አደገ። ኢንጂነሪንግ ለመማር ዩኒቨርሲቲ ገባ። የዚያ ዘመን የኢኮኖሚ ድቀት ገንዘቡን ጨረሰበትና አቋረጠ። በኋላ አውሮፕላን ፋብሪካ፣ ከዚያ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ተቀጠረ።

ጎልፍ የያዘው በ42 ዓመቱ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ ጠርተውት። ኳስ መምታቱ ብዙም አላስቸገረውም፣ ፑት ማድረግ ግን አቃተው። እዚህ ላይ ነው ሰውየው ከእኛ የሚለየው። እኛ ፑት ሲያቅተን እጃችንን እንረግማለን። እሱ ዱላውን ረገመ።

በ1959 ካሊፎርኒያ፣ ሬድዉድ ሲቲ በሚኖርበት ቤት ጋራዥ ውስጥ የራሱን ፑተር ሠራ። 1ኤ አለው። ኳሱን ሲነካ "ፒንግ!" የሚል የጠራ ድምፅ ይሰጣል። ስሙም በዚያው ቀረ። በቃ፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ምህጻረ ቃል ነው የሚሏችሁን አትስሙ።

---

ሚዛን · ማክሰኞ ማታ 3:40

ጋሼ የተናገሩትን ከመካኒክ በኩል ላሟላ፣ ምክንያቱም ጀማሪው በ7ቱ ያየው ነገር መልሱ እዚሁ ነው።

አንድ ቀጭን እንጨት ውሰድ። ሁለት ድንጋይ መሃሉ ላይ አስረህ በእጅህ አዙረው። ቀላል ነው። አሁን ድንጋዮቹን ወደ ሁለቱ ጫፍ ውሰዳቸውና ደግመህ አዙረው። ክብደቱ አልተለወጠም፤ እንጨቱ ግን እምቢ ይልሃል። መዞርን ይቃወማል። መሐንዲሶች የመዞር ኢነርሺያ ይሉታል።

የዚያን ጊዜ ፑተር አብዛኛው ዝም ያለ ለስላሳ ብረት ነበር፤ ክብደቱ መሃል ላይ የተከማቸ። ከመሃል ትንሽ ፈቀቅ ብለህ ከመታህ ፊቱ ይዞርብሃል፣ ኳሱም አብሮ ይስታል። ካርስተን ክብደቱን ወደ ተረከዙ (ዘንጉ ጋ ያለው ዳር) እና ወደ ጫፉ (ሌላኛው ዳር) ገፋው። ሐሳቡን ለራሱ የፈተነው በስኳር ነው ይባልለታል፤ ሁለት የስኳር ኩብ በአይስክሬም እንጨት አያይዞ። የጀማሪው 7 አይረን ጀርባ የተቦረቦረው ለጌጥ አይደለም። ከመሃል የወጣው ብረት ዙሪያውን ሄዶ ተቀምጧል።

---

ብረት ቀጥቃጭ · ማክሰኞ ማታ 4:02

ይቅርታ አድርጉልኝና ፒንግን ማምለክ አበዛችሁ። የተቀጠቀጠ ብረት (ፎርጅድ) ይዞ መሃሉን የመታ ሰው ያንን ስሜት ከፒንግ አያገኝም። ቅቤ ውስጥ እንደገባ ቢላ ነው። አይ-2 ድስት በማንኪያ እንደመምታት ነው። ደግሞ ይቅር የሚል ዱላ ሰነፍ ያደርጋል። ስትስት ሊያምህ ይገባል፤ ካላመመህ አትማርም።

ደግሞ ሁሉም ነገር የጀመረው በአንሰር ፑተር ነው እንጂ ያ 1ኤ የሚባለውን ማን ያውቀዋል?

---

አሮጌው ካዲ · ማክሰኞ ማታ 4:25

ቀጥቃጩ፣ ስለ ስሜት አልከራከርህም። ጣዕም ነው። "ካላመመህ አትማርም" ያልከው ግን ለሕመም ጊዜ ላለው ወጣት ነው። የእኔ አንጓ ሰላሳ ዓመት ተምሯል፤ ይበቃዋል።

አንሰር መጀመሪያ አይደለም፤ የመጣው በ1966 ነው። ሰባት ዓመት ቆይቶ። በዚያን ጊዜ ሶልሃይም ለጄኔራል ኤሌክትሪክ እየሠራ ፊኒክስ ገብቷል፤ ፑተር መሥራቱ የትርፍ ሰዓት ሥራው ነው። በ1962 ጆን ባርነም በፒንግ ፑተር የፒጂኤ ቱር (የአሜሪካ ባለሙያ ጎልፈኞች ዙር) ውድድር አሸንፎለታል፤ የመጀመሪያው ድል ያ ነው።

አንሰርን የነደፈው እጁ ላይ በተገኘ ነገር ነው፤ የሸክላ ዘፈን መያዣ ወረቀት ላይ። የ78ቱን ሸክላ። ስም ሲጠፋለት ሚስቱ ሉዊስ "መልስ በለው" አለችው፤ በእንግሊዝኛው አንሰር። ቃሉ ረዘመና ፑተሩ ላይ አልበቃ አለ። "አንዷን ፊደል አውጣት" አለችው። ደብልዩዋ ወጣች። ስለዚህ በዓለም ላይ ዝነኛው ፑተር ስሙ የፊደል ግድፈት ነው፤ ያውም ሆን ተብሎ።

ፓተንቱ በመጋቢት 21 ቀን 1967 ወጣለት። በዚያው ዓመት ጁሊየስ ቦሮስ በአንሰር ፊኒክስ ኦፕንን አሸነፈ። ሶልሃይምም በዚያው ዓመት ደሞዙን ትቶ ካርስተን ማኑፋክቸሪንግ የሚባለውን ድርጅት አቋቋመ። 55 ዓመቱ ነበር። ሰው ጡረታ በሚያሰላበት ዕድሜ።

---

ሦስት ፑት · ረቡዕ ጠዋት 1:50

ስለ አንሰር ከተነሳ እኔ ዝም አልልም 😅 ስሜ የተሰጠኝ በከንቱ አይደለም።

ቤታችሁ ያለውን ፑተር አሁን አውጡና እዩት። ምናልባት የፒንግ አይደለም። ግን አንገቱ እንደ ውሃ ቧንቧ ክርን ታጥፎ ዘንጉን ከፊቱ ቀደም አድርጎ የያዘ ከሆነ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ወፈር ብለው ጀርባው ላይ ደረጃ ካለው፣ የአንሰር ልጅ ነው። ፓተንቱ ጊዜው አበቃ። ከዚያ በኋላ ያልቀዳው ፋብሪካ የለም ማለት ይቻላል። ታይገር ዉድስ ከ15 ሜጀሮቹ (የጎልፍ ታላላቅ ውድድሮች ድሎቹ) 14ቱን ያሸነፈበት የስኮቲ ካሜሮን ኒውፖርት 2 ራሱ ቅርጹ ከአንሰር የተቀዳ ነው።

እኔ የመጀመሪያውን አንሰሬን የያዝኩ ቀን ሦስት ፑት ከማድረግ ወደ ሁለት ተኩል ወረድኩ። ግማሹ ጉድጓዱ ከንፈር ላይ ዞሮ የሚወጣው ነው።

---

ኔትወርኩ · ረቡዕ ጠዋት 2:05

ሁለት ተኩል 😂😂 ይሄን ቲሸርት ላይ ማሳተም ነው።

---

ጀማሪው · ረቡዕ ጠዋት 2:20

ጋሼ፣ ሚዛን፣ በጣም አመሰግናለሁ። ግን ነጥቤ! ነጥቤን ረሳችኋት።

---

ሚዛን · ረቡዕ ጠዋት 3:12

አልረሳናትም። ነጥቧ የላይ (በእንግሊዝኛው lie) ማዕዘን ምልክት ናት። ላይ ማለት ዱላውን መሬት ስታስቀምጠው በዘንጉና በመሬቱ መካከል ያለው ማዕዘን ነው። ረጅም ሰውና አጭር ሰው፣ እጁ ረዘም ያለና ያጠረ፣ አንድ ዓይነት ዱላ አይስማማቸውም። ሁሉም ቁጥሩ አንድ የሆነ ጫማ እንዲያደርግ እንደማስገደድ ነው። (የጫማ ሠሪው ልጅ ይሄን ቢያስብ አይገርምም፣ አይደል?)

ፒንግ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይሄን በቀለም ነጥብ አደራጀው። ጥቁር የሞዴሉ መደበኛ ነው። ቀይ ከእሱ ጠፍጠፍ ያለ ነው። ሰማያዊ ቀና ያለ። አረንጓዴ ደግሞ ከሰማያዊም የበለጠ ቀና ያለ። ሌሎችም ቀለሞች አሉ፤ ለአንተ ግን እነዚህ ይበቃሉ።

ለምን ግድ ይሰጥሃል? ዱላው ላንተ በጣም ጠፍጣፋ ከሆነ ስትመታ ጫፉ ቀድሞ መሬት ይነካል፤ ቀኝ እጅ ተጫዋች ከሆንክ ኳሱ ወደ ቀኝ ይሄዳል። በጣም ቀና ከሆነ ተረከዙ ይነካል፣ ኳሱ ወደ ግራ። ደግሞ ዱላው ኳስ የሚያነሳ ዓይነት በሆነ ቁጥር (9፣ ዌጆቹ) ስህተቱ ይብሳል።

እና "ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ" ብለህ አልነበር? ቁመትህ ስንት ነው?

---

ጀማሪው · ረቡዕ ጠዋት 3:20

1 ሜትር ከ91 😳

---

ሚዛን · ረቡዕ ጠዋት 3:22

እንግዲህ።

ዱላው ሥር ላይ ፕላስተር ለጥፍ። ጠንካራ ሰሌዳ መሬት ላይ አድርገህ ኳሱን ከላዩ ምታ። ፕላስተሩ ላይ ጭረቱ የት እንዳለ አይተህ ና። መሃል ከሆነ ተስማምቶሃል። ወደ ጫፍ ከሆነ ጠፍጣፋ ነው። ቁመት ብቻውን አይፈርድም፤ የእጅ ርዝመትና አመታትህም አለ። ስለዚህ ሳትሞክር አትደምድም።

---

ገዥ በመከራ · ረቡዕ ቀን 6:45

የአንገቱን ቁጥር እኔ ልመልስ፣ ከፍዬበታለሁና።

እሱ የስብስቡ መለያ ቁጥር ነው። አንድ ላይ ከፋብሪካ የወጡ አይረኖች ሁሉ አንድ ቁጥር ነው ያላቸው። በዚያ ቁጥር ፋብሪካው ዱላህ ሲሠራ ምን ዓይነት ዘንግ፣ ምን ዓይነት ርዝመት፣ ምን ነጥብ እንደነበረው ያውቃል። ከጠፋብህ አንዱን በልኩ ያሠሩልሃል።

እኔ ከዓመታት በፊት "ኦሪጅናል፣ ሙሉ ስብስብ" ተብዬ ከአንድ ሻጭ አይ-2 ገዛሁ። ሰውየው በስልክ ብቻ ነው የምንነጋገረው። ፎቶ ላይ ያማረ ነበር። ሲመጣ አየሁት፤ አምስቱ አንድ ቁጥር፣ ሁለቱ ሌላ፣ ሳንድ ዌጁ ጭራሽ ቁጥር የለውም። ቁጥር የሌለውን አንስቼ ከሌሎቹ ጋር አወዳደርኩት። የጀርባው ቅርጽ ጠርዙ ሻካራ ነው፣ ፊደሉ ወፈር ይላል፣ ክብደቱም እጅ ላይ ይለያል። አስመስሎ የተሠራ ነው። ሻጩ ስልኩን ዘጋ። ያ ዌጅ አሁን በር እንዳይዘጋ ነው የማስደግፍበት።

ጀማሪው፣ ሰማያዊው 9ህ ቁጥሩ ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው?

---

ጀማሪው · ረቡዕ ቀን 7:10

አየሁት። ስምንቱ አንድ ናቸው። 9ኙ ሌላ ቁጥር ነው! ዘመዴን ደውዬ ጠየቅኩት፤ "የራሴ 9 ዱሮ ኩሬ ውስጥ ገብቶ ቀረ፣ ከሰው ነው የተካሁት" አለኝ። "እንዴት ኩሬ ገባ?" ስለው ዝም አለ።

---

ሦስት ፑት · ረቡዕ ቀን 7:14

ዱላ ብቻውን ኩሬ አይገባም 🤐

---

ብረት ቀጥቃጭ · ረቡዕ ማታ 1:30

እሺ፣ ሁሉም አመለጠው እንጂ ዋናው ጥያቄ የእገዳው ነው። አይ-2 ሕገወጥ ግሩቭ ስላለው ፍርድ ቤት አግዶታል። ይሄ የታወቀ ነው። ለዚያ ነው ኳስ እንደዚያ የሚያቆመው። ማጭበርበሪያ ነበር።

---

አሮጌው ካዲ · ረቡዕ ማታ 2:48

ቀጥቃጩ፣ ግማሹን ሰምተህ ግማሹን ሞልተኸዋል። ይሄን እኔ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፣ ቡና ያዙ።

ግሩቭ በዱላው ፊት ላይ የተቆረጡት ቦዮች ናቸው። ሥራቸው ሣርና እርጥበት ወደ ውስጥ ወስደው ፊቱ ኳሱን እንዲይዝ ማድረግ ነው። ዱሮ ቅርጻቸው እንደ ቪ ነበር። ፒንግ ደግሞ አይረኑን የሚሠራው በማቅለጥ ነው። የሰም ቅርጽ ይሠራል፣ በሴራሚክ ይሸፈናል፣ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ብረቱ ይገባል። በዚህ መንገድ እንደ ዩ ያለ ቦይ ማውጣት ይመቻል። ዩኤስጂኤም (የአሜሪካው የጎልፍ ማኅበር) በ1984 የዩ ቅርጽ ፈቀደ።

አሁን ችግሩ መጣ። የዩ ቦይ ጠርዙ ስለት ነው። የዚያን ጊዜ ባለሙያዎች የሚመቱት ኳስ ሽፋኑ ባላታ ነው፣ ለስላሳ። ጠርዙ ኳሱን ይፍቀዋል። አንድ ሙሉ ዌጅ መትተህ ኳሱን ስታነሳ ጸጉር አውጥቶ ታገኘዋለህ። እኔ በእጄ አንስቼ አይቼዋለሁ፤ ነጭ ክር ክር ብሎ። ተጫዋቾች አጉረመረሙ። ሶልሃይም ጠርዙን ትንሽ አሞለሞለው። የተደረገው ይሄ ብቻ ነው። ለኳሱ አዝኖ።

ደንቡ ምን ይላል? በሁለት ቦዮች መካከል ያለው ሜዳ ቢያንስ የቦዩ ስፋት ሦስት እጥፍ መሆን አለበት። ጠርዙ ስለት ከሆነ ቦዩ የት እንደሚጀምር ማንም ያውቃል። ጠርዙ ከተሞለሞለስ? ቦዩ የሚጀምረው ኩርባው ከሚጀምርበት ነው ወይስ ግድግዳው ቀጥ ከሚልበት? ፒንግ "ከግድግዳው" አለ። ዩኤስጂኤ "ከኩርባው" አለ። በእነሱ አለካክ ቦዩ ሰፋ፣ ሜዳው ጠበበ፣ ዱላው ከደንብ ወጣ። ልዩነቱ እኮ የፀጉር ውፍረት ያህል ነው! ያኔ አይ-2 በዓለም ላይ በብዛት ከሚሸጡት አይረኖች አንዱ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ቦርሳ ውስጥ ያለ ዱላ በአንድ ጀንበር ጥፋተኛ ሊባል ነው።

ሰውየው ፍንክች አላለም። በ1989 ዩኤስጂኤን በ100 ሚሊዮን ዶላር ከሰሰ። ፒጂኤ ቱር ደግሞ በራሱ በኩል የዩ ግሩቭን በሙሉ ከውድድሩ ሊያግድ ሲነሳ እሱንም ከሰሰ። ከዩኤስጂኤ ጋር በጥር 1990 ተስማሙ። እስከዚያ የተሠሩት አይ-2ዎች ሕጋዊ ሆነው ይቆያሉ፣ መቁረጫው ሚያዝያ 1 ቀን 1990 ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሠሩት ቦያቸው ይስተካከላል። ከቱሩ ጋር እስከ 1993 ቆይቶ ታረቁ፤ እገዳውም ቀረ። ስለዚህ ፍርድ ቤት ያገደው ዱላ የለም። እንዲያውም ፍርድ ቤት የሄደው ከሳሹ ፒንግ ነው።

---

ብረት ቀጥቃጭ · ረቡዕ ማታ 3:05

እሺ ጋሼ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። ግን 2010 ላይ ፊል ሚከልሰን ላይ ጫጫታ ተነስቶ አልነበር? ያን ነው እኔ የማስታውሰው።

---

አሮጌው ካዲ · ረቡዕ ማታ 3:31

ጎሽ፣ ከዚያው የተወለደ ታሪክ ነው። በ2010 መጀመሪያ ላይ አዲስ የግሩቭ ደንብ ወጣ፤ ስለታም ጠርዝ ለባለሙያዎች ተከለከለ። ሚከልሰን ምን አደረገ? ሃያ ዓመት ያለፈው የአይ-2 ዌጅ ይዞ ቶሪ ፓይንስ ብቅ አለ። የ1990ው ስምምነት ይጠብቀዋላ! ማንም ሊነካው አልቻለም። ሌሎች ተጫዋቾች ተናደዱ። ነገሩ የበረደው በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የካርስተን ልጅ ጆን ሶልሃይም መብታችንን ለቅቀናል ስላለ ነው። ከዚያ ቱሩ ያንን ዌጅ ከልክሎ አረፈ።

አባትዬው በ2000 ነው ያረፈው። ቢኖር ይለቅ ነበር? እኔ እንጃ።

---

ገዥ በመከራ · ረቡዕ ማታ 3:50

ለጀማሪው አንድ ተግባራዊ ነገር። አይ-2 ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ የመደመር ምልክት ካለ ከኋላ የመጣው፣ ቦዩ የተስተካከለው ነው። ከሌለ የድሮው ነው። ለመዝናናት የምትጫወት ከሆነ በሁለቱም እንቅልፍ አይንሳህ። ውድድር ስትገባ ብቻ የውድድሩን ደንብ ጠይቅ።

ሌላም። መዳብ ቀለም ያለው አይ-2 ካጋጠመህ ቤሪሊየም ኮፐር ነው። ቆንጆ ነው፣ ሰብሳቢዎች ይወዱታል። ግን በሞረድም በማሽንም እንዳትፍቀው። ብናኙ ወደ ሳንባ ከገባ አደገኛ ነው። መምታት ችግር የለውም።

---

ሦስት ፑት · ሐሙስ ጠዋት 2:10

ስለ ወርቁስ ማንም አልተናገረም? በፒንግ ፑተር ትልቅ ውድድር ላሸነፈ ተጫዋች ኩባንያው በወርቅ የተለበጠ ተመሳሳይ ፑተር ይሠራለታል። ሌላ አንድ ደግሞ ለራሱ ፊኒክስ በሚገኘው ካዝናው ውስጥ ያስቀምጣል። ግድግዳው ሁሉ ፑተር ነው፣ የአሸናፊው ስም ተቀርጾበት። የእኔን ስም የምትሸከም ብትኖር ምናለ 😭

የሴቶቹን ሶልሃይም ካፕም አትርሱ። አሜሪካና አውሮፓ የሚገጥሙበት። በ1990 ፍሎሪዳ፣ ሌክ ኖና ላይ ነው የተጀመረው። አስቡት፣ ሰውየው በክስ በተወጠረበት ዓመት ነው ስሙን ለሴቶች ዋንጫ የሰጠው። አሜሪካ 11½ ለ4½ አሸነፈች።

---

ኔትወርኩ · ሐሙስ ጠዋት 2:44

እኔ ፒንግን የማውቀው በቡባ ዋትሰን ሮዝ ድራይቨር (ሩቅ መምቻው ትልቅ ዱላ) ነው። 2012 ማስተርስ ላይ ከዛፍ ሥር፣ ከጥድ ቅጠል ላይ በዌጅ አጣምሞ ግሪን (ጉድጓዱ ያለበት ለስላሳ ሣር) ላይ ያወጣት ኳስ! የተሸነፈው ሉዊ ኡስትሃይዘንም የፒንግ ሰው ነው፤ በዚያው ቀን 2ኛው ሜዳ ላይ በ4 አይረን አልባትሮስ (ከተመደበው ምት በሦስት ያነሰ) አግብቶ። ማን ቢያሸንፍ ፊኒክስ ሳቂ ነበረች።

---

ሚዛን · ሐሙስ ጠዋት 3:30

ድራይቨር ከተነሳ፦ ፒንግ ለረጅም ጊዜ በአይረንና በፑተር እንጂ በድራይቨር አይጠራም ነበር። አሁን ግን የስኳሩ ኩብ ሐሳብ ጫፍ የደረሰው እዚያ ነው። በ2014 የወጣው ጂ30 ራሱ ላይ ትናንሽ ሸንተረሮች አሉት፤ ስትወዘውዘው አየሩ ቶሎ እንዳይላቀቅና ወደ ኋላ የሚጎትተው እንዲቀንስ። በ2024 የወጣው ጂ430 ማክስ 10ኬ ደግሞ በሁለቱ አቅጣጫ ያለው የመዞር ኢነርሺያ ሲደመር ከ10 ሺህ ግራም-ሴንቲሜትር ስኩዌር ይበልጣል። ስሙ ራሱ ከቁጥሩ የመጣ ነው። ከመሃል አፈንግጠህ መትተኸው ፊቱ ብዙም አይዞርም።

65 ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ። ሰው መሃሉን ሲስት ዱላው ምን ያድርግ?

---

ብረት ቀጥቃጭ · ሐሙስ ጠዋት 3:41

"ይቅጣው" ነው የእኔ መልስ 😄 ግን ደህና፣ 10ኬውን አንድ ቀን ሞክሬው ነበር። ለማንም እንዳትናገሩ። ወድጄዋለሁ።

---

ጀማሪው · ዓርብ ማታ 1:05

ወገኖቼ፣ ፈተናውን አድርጌ መጣሁ።

ፕላስተር ለጠፍኩ፣ ሰሌዳ አመጣሁ። በ7ቱ አሥር ኳስ። ጭረቱ በሙሉ ወደ ጫፉ ነው፤ ተረከዙ ጋ ፕላስተሩ እንደ አዲስ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። በ5ቱም ያው። በፒቺንግ ዌጁም ያው፣ ኳሶቹም ከሁሉ የባሰ ወደ ቀኝ ሄዱ። ሚዛን፣ ልክ እንዳልሽው።

ከዚያ ያቺን የተተካችውን ሰማያዊ 9 አነሳሁ። ለቁም ነገር ሳይሆን እንዲያው ለመሙላት። አሥር ኳስ መታሁ። ፕላስተሩን ገልብጬ ሳየው ጭረቱ መሃል ላይ ነው። በመስመር የተሰመረ ነው የሚመስለው። ኳሶቹም ቀጥ ብለው ሄዱ፣ ሰባቱ አንድ ምንጣፍ ላይ የሚያርፉ ያህል ተቀራርበው።

ከዘጠኙ ዱላ ለእኔ ልክ የሆነው የተሳሳተው ነው። አሁን ስምንቱን ወደ ሰማያዊ ማጠፍ ይቻላል ወይ?

---

ገዥ በመከራ · ዓርብ ማታ 1:22

ይቻላል፣ ግን ጋራዥ ውስጥ በመፍቻ እንዳትሞክረው። ብረቱ በቅልጥ የተሠራ ጠንካራ አይዝጌ ብረት ነው፤ እንደ ፎርጅድ እሺ አይልም። ማሽኑ ያለውና አይ-2 አጥፎ የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልጋል። ወይም መለያ ቁጥሩን ይዘህ ራሱን ፋብሪካውን ጠይቅ።

---

ብረት ቀጥቃጭ · ዓርብ ማታ 1:25

(ፎርጅድ ቢሆን እኮ በአምስት ደቂቃ ይታጠፍ ነበር። ዝም ብዬ ነው።)

---

ጀማሪው · ዓርብ ማታ 1:40

እሺ፣ ሰኞ ስምንቱን ጠቅልዬ ልልክ ነው። 9ኙ እቤት ይቀራል። ለዘመዴም ደወልኩለት፣ ያ 9 ከማን እንደመጣ ያስታውሳል ወይ ብዬ። "ከእኔ የሚረዝም ሰው ነበር" አለኝ።